የራስዎ ድረ ገጽ፦ ስሙ፣ ቤቱ እና የፊደላችን ጣጣ

ድረ ገጽ ያሠራ ሰው አንድ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። የያዘው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ስሙ ነው፤ ዶሜይን ይባላል። ሁለተኛው ፋይሎቹ ቀንና ሌሊት የሚቀመጡበት ኮምፒውተር ነው፤ ኪራዩ ሆስቲንግ ይባላል። ሦስተኛው ጽሑፉንና ፎቶውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው፤ ለምሳሌ ዎርድፕረስ። ሦስቱ ብዙ ጊዜ በተለያየ ድርጅት ዘንድ፣ በተለያየ የይለፍ ቃል፣ በተለያየ የክፍያ ቀን ይኖራሉ። ጀማሪ ግራ የሚጋባውም፣ ገንዘብ የሚከስረውም እነዚህን ሲቀላቅል ነው።

ከስልክ ጋር ቢያነጻጽሩት ይቀላል። ቁጥሩ፣ ስልኩ እና ስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች የየራሳቸው ናቸው። ስልኩ ቢሰበር ቁጥሩ አይጠፋም፤ ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ መክተት ነው። ሲሙ የወጣው በወንድምዎ መታወቂያ ከሆነ ግን፣ አሥር ዓመት ቢጠቀሙበትም የጠፋ ዕለት ምትክ የሚያወጣልዎ ወንድምዎ ነው። ዶሜይንም ልክ እንደዚሁ ነው፤ «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በማን ስምና ኢሜይል ተመዘገበ?» የሚለው ብቻ ነው።

ስሙ

ዶሜይን ይገዛል ሲባል ይሰማል እንጂ እውነቱ ኪራይ ነው። በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይመዘገባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። የዓመት ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት በ1 ወይም በ2 ዶላር የሚያቀርቡ አሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት መታየት ያለበት ግን የማደሻው ዋጋ ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የኢትዮጵያን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አገር ውስጥ ያለ ሰው ዋናው ችግሩ የዶላር ክፍያ ነው። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ድረ ገጽ ሠሪውን «አንተው ክፈልልኝ፣ በብር እሰጥሃለሁ» ይላል። ሠሪው በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ይመዘግበዋል። ተንኮል አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ቀላሉ መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሠሪው ስልክ ቢቀይር ወይም ከአገር ቢወጣ ስሙን ማደስ የሚችል ሰው አይኖርም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በብር የተነገረ የማደሻ ዋጋ ይዞ መቆየት አይቻልም፤ ውሉ ላይ በዶላር ይጻፍ፣ የሚከፈለው በዕለቱ ምንዛሪ ይሁን።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ካርዱ የሌላ ሰው ቢሆንም አካውንቱን በራስዎ ኢሜይል ራስዎ ይክፈቱ፤ ሠሪው የሚያስገባው የካርዱን ቁጥር ብቻ ይሁን። የተመዝጋቢው ስም የእርስዎ መሆኑን ይመልከቱ። ኢሜይሉ በራሱ በዶሜይኑ የሚሠራ ኢሜይል አይሁን። ስሙ ጊዜው ሲያልቅ ኢሜይሉም አብሮ ስለሚቆም፣ «እባክዎ ያድሱ» የሚለው ደብዳቤ የተዘጋ በር ያንኳኳል። ጂሜይል ይበቃል።

አዲስ ስም ሲመዘገብ ኢሜይልዎን እንዲያረጋግጡ አንድ መልእክት ይላካል። በ15 ቀን ውስጥ ሊንኩን ካልነኩ ስሙ ይታገዳል። «ሁለት ሳምንት ሠርቶ ድንገት ጠፋ» የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ መልእክቱ ስፓም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

የዶት ኮም ስም ጊዜው ካለፈበት ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛ ዋጋ ማደስ ሊፈቅድ ይችላል፤ የቀኑ ብዛት ግን በድርጅቱ ፈቃድ ነው። ከዚያ ለ30 ቀን በከፍተኛ ቅጣት ብቻ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ማንም አይነካውም፣ ቀጥሎ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ስም የሚያድኑ ሰዎች ይህን ሰዓት በፕሮግራም ይጠብቃሉ፤ በእጅ ተጽፎ አይቀደሙም። ሌላም ገደብ አለ፦ አዲስ የተመዘገበ ስም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ ለማዘዋወር ብዙ ጊዜ አይፈቀድም።

ቤቱ እና መንገዱ

ለጀማሪ የሚበቃው በጣም ርካሹ የጋራ ሆስቲንግ ነው፤ አንድ ሰርቨር (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ያ ኮምፒውተር) ላይ መቶዎች ድረ ገጾች የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ማለት ነው። «ያልተገደበ ቦታ» የሚል ማስታወቂያ አይማርክዎ፤ የፋይል ብዛትና የፕሮሰሰር ገደብ ውሉ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

ስሙ ወደ ቤቱ የሚያመራው ዲኤንኤስ በሚባል መዝገብ ነው። ሆስቲንግ ሲከራዩ ሁለት የስም ሰርቨር አድራሻ ይሰጥዎታል፤ እነሱን ስሙ በተመዘገበበት አካውንት ውስጥ ያስገባሉ። ለውጡ በየአገሩ ያሉ ሰርቨሮች አሮጌውን መልስ እስኪረሱ ድረስ ከደቂቃዎች እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። በዚህ መሐል እርስዎ አዲሱን ገጽ፣ ጓደኛዎ አሮጌውን ሊያይ ይችላል፤ ምንም አይነካኩ፣ ይጠብቁ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በዚያ ስም የሚሠራ ኢሜይል ካለ የኢሜይሉ መዝገቦችም የሚኖሩት እዚያው ነው። የስም ሰርቨሩ ሲቀየር አብረው አይጓዙም። ከመቀየርዎ በፊት ሁሉንም ገልብጠው ካልያዙ ድረ ገጹ ይከፈታል፣ የቢሮው ኢሜይል ግን በዚያው ቀን ጸጥ ይላል።

የአድራሻው መቆለፊያ ሰርተፍኬት ነው፤ በአንባቢውና በድረ ገጹ መሐል የሚያልፈውን ከሌላ ዓይን ይሰውራል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ አብዛኛው ሆስቲንግም ራሱ ይተክለዋል። ለሰርተፍኬት ብቻ ብለው ለብቻው የሚያስከፍሉ ካሉ ለጦማር አያስፈልግም። ዕድሜው አጭር ነው፣ ለዓመታት 90 ቀን ሆኖ ቆይቷል፤ ስለዚህ በራሱ የሚታደስ መሆኑን ይጠይቁ። አንድ አንባቢ ብቻ «ገጽህ አደገኛ ነው ይለኛል» ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን ይጠይቁት። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ ወይም ውስጧ ያለችው ትንሽ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ቆሞ ሰርተፍኬቱን «ገና አልጀመረም» ብሎ ይጥለዋል።

በነጻ ወይስ በክፍያ

የመጀመሪያዎቹን አሥር ጽሑፎች ሳይጽፉ ገንዘብ አያውጡ። ብሎገር በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2003 በጉግል የተገዛ ነው፤ ሆስቲንግ አያስከፍልም፣ በኋላ የራስዎን ዶሜይን ቢያመጡም በነጻ ያገናኛል። ገጽታው ያረጀ ነው፣ ግን አማርኛን ያለ ችግር ይይዛል፣ የጥገና ሥራም የለበትም።

ዎርድፕረስ የሚለው ስም ሁለት ነገር ስለሚጠራ ያምታታል። አንዱ በዶት ኦርግ የሚገኘው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ማት ማለንወግና ማይክ ሊትል በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በራስዎ ሆስቲንግ ላይ የሚጭኑት። ሌላው በዶት ኮም የሚገኘው አገልግሎት ነው፤ እዚያ ቤቱም የእነሱ ነው፣ በነጻው ደረጃ ማስታወቂያ ያስገባሉ፣ የፈለጉትን ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መጫንም አይችሉም። በይነመረብ ላይ ያዩት መመሪያ «ፕለጊን ጫን» ሲል ቁልፉ ካልታየዎ የያዙት ሁለተኛውን ነው።

«ቴሌግራም ቻናል እያለኝ ለምን?» ለሚለው መልሱ ፍለጋ ነው። ቻናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ለዛሬ ተከታይ ጥሩ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ጉግል ላይ «ዘመናዊ ቀፎ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ሁለቱን ማጣመር ይሻላል፤ ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ይኑር፣ ሊንኩ ቻናሉ ላይ ይውጣ።

የፊደላችን ጣጣ

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት፣ የአማርኛ ጸሐፊን ግን በየደረጃው የሚያጋጥመው ነገር ይህ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች በየራሳቸው ቁጥር የሚቀመጡበት የጋራ መዝገብ ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ተውሰው በላያቸው የእኛን ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ስለዚህ በአሮጌ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተተየበ ሰነድ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ቅርጹ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ፎንቱን መጫን አያድነውም፤ አንባቢው ስልክ ላይ ያ ፎንት የለም። መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለመፈተን ሁለት መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩት፤ አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው።

ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ ማለትም ጽሑፎችዎ የሚከማቹበት ቋት፣ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል፣ የላቲን ፊደል 1 ባይት። ዳታቤዙ ሲፈጠር በአሮጌው የላቲን ኮድ ከተዋቀረ ለፊደላችን ቦታ የለውም፤ እያንዳንዱን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ምርጫ ሲቀርብልዎ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (utf8mb4) የሚለውን ይያዙ። ብልሽት ሲያጋጥም ሁለቱን ይለዩ፦ ጽሑፉ ቆብና ጭረት በደረበ የላቲን ፊደል ከታየ ባይቶቹ አልጠፉም፣ የተሳሳተው የማንበቢያው ኮድ ነው፣ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፣ ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር የሚመልሰው የለም።

የሊንኩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ዎርድፕረስ የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ይሠራል። አድራሻ ውስጥ ፊደላችን እንዳለ አይገባም፤ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ሆኖ ይጻፋል። 3 ባይት ማለት 9 ቁምፊ ነው። ለአድራሻው የተመደበው ቦታ ደግሞ 200 ቁምፊ ብቻ ነው። «የንብ ቀፎ አያያዝ በክረምት ወራት ለጀማሪ አናቢዎች» የሚለውን እንውሰድ። 26 ፊደል ነው፤ በ9 ሲባዛ 234፣ በየቃሉ መሐል የሚገቡት 6 ሰረዞች ሲጨመሩ 240። ስለዚህ «ለጀማሪ» ላይ ይቆረጣል፤ «አናቢዎች» ከአድራሻው ወድቀው ይቀራሉ። የባሰው ግን ሊንኩን ገልብጠው ሲልኩት ነው። ሁለት መቶ ቁምፊ የሚሞላ የፐርሰንትና የቁጥር ጭፍራ ይሆናል፤ አንባቢ ቫይረስ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ በፐርማሊንክ (የጽሑፎች ቋሚ አድራሻ) ማስተካከያ ውስጥ «ፖስት ኔም» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከማውጣትዎ በፊት የአድራሻውን ሳጥን ከፍተው በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ይጻፉበት፤ ርዕሱ በአማርኛው ይቆያል። ይህን ከወጣ በኋላ ማድረግ ሊንኩን ያጋሩትን ሰዎች ያስቸግራል። ዎርድፕረስ የአንድን ጽሑፍ አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ ለመምራት ይሞክራል፤ የሁሉንም አቀማመጥ አንድ ላይ ሲቀይሩ ግን አይመኑት።

ሞክሼ ፊደሎችም አሉ። ጽሑፉ ላይ «ፀጉር» ብለው፣ አንባቢው የገጽዎ መፈለጊያ ውስጥ «ጸጉር» ብሎ ቢጽፍ ምንም አያገኝም፤ የዎርድፕረስ ፍለጋ ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው፣ ለእሱ ፀ እና ጸ የማይተዋወቁ ናቸው። ሐኪምና ሀኪም፣ ዓመትና አመት እንዲሁ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሰዋስው ሊቃውንት እንተወውና፣ አንዱን መርጠው በሁሉም ጽሑፍ ይጽኑበት። ዋናው ቃልዎ ሁለት የታወቀ አጻጻፍ ካለው ሌላኛውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ያስገቡት። አራት ነጥብንም ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመምታት አይሥሩ፤ ዓይን ይታለላል እንጂ ማሽኑ ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም።

የመልኩን ነገር በአጭሩ፦ ብዙ የውጭ ቴሞች (የድረ ገጹን መልክ የሚወስኑ ዝግጁ ንድፎች) የሚመጡበት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ ብሮውዘሩ የመሣሪያውን ይጠቀማል፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከፈለጉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከድረ ገጹ ጋር አብረው ይጫኑ። የፊደል መጠን ከ17 እስከ 18 ፒክሰል፣ የመስመር ቁመት 1.7 አካባቢ ቢሆን ለዓይን ይመቻል፤ ለላቲን የተዘጋጀው 1.4 ለእኛ ይጠብባል። ዘመም ያለ ፊደል አይጠቀሙ፤ ፊደላችን በተፈጥሮው ዘመም የለውም፣ ብሮውዘሩ በግድ ያጋድመዋል።

ፎቶ እና የአንባቢው ዳታ

አንድ ሺህ ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ከ250 ጽሑፍ በላይ ማለት ነው። አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ የለጠፈ ሰው፣ ጥቅል ገዝቶ የሚያነበውን አንባቢ 40 ሜጋባይት ያስከፍለዋል፤ ያውም ገጹ ተከፍቶ ካለቀ።

ከመጫንዎ በፊት ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል ይቀንሱ፣ በዌብፒ ወይም በጄፔግ ከ75 እስከ 80 ጥራት ያስቀምጡ። ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት ይመጣል፤ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ስኩሽ የተባለው የጉግል ነጻ መሣሪያ ብሮውዘር ውስጥ ይህን ይሠራል። «ዎርድፕረስ ራሱ ያሳንሰዋል» የሚሉ አሉ፤ ከስሪት 5.3 ጀምሮ ከ2560 ፒክሰል በላይ የሆነውን ማሳነሱ እውነት ነው፣ ግን ዋናውን ፋይልም ያስቀምጠዋል፣ በላዩም የተለያየ መጠን ያላቸው ብዙ ቅጂዎች ያወጣል። የሆስቲንግ ቦታ የሚያልቀው በዚህ ነው። በተጨማሪ የስልክ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ይችላል፤ ቤትዎ የተነሣውን ከመስቀልዎ በፊት ያ መረጃ መውጣቱን ያረጋግጡ።

ሰው እንዲያገኘው

ዎርድፕረስ ላይ «ሪዲንግ» በሚለው ማስተካከያ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገቡ የምትል አንዲት ሳጥን አለች። ሠሪው ሥራው እስኪያልቅ ምልክት ያደርግባታል፣ ከዚያ ይረሳታል። ከወራት በኋላ ጉግል ላይ የማይታይ ገጽ ሲያጋጥም መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት። እሷን ካጸዱ በኋላ ጉግል ሰርች ኮንሶል (ገጽዎን ለጉግል የሚያሳውቁበት መሣሪያ) ላይ ተመዝግበው የገጽ ዝርዝርዎን ያስገቡ፤ ዎርድፕረስ ከስሪት 5.5 ወዲህ ዝርዝሩን ራሱ ያዘጋጃል።

ቴሌግራም ላይ ሊንክ ሲለጠፍ የሚወጣው ርዕስና ፎቶ የሚመጣው ከጽሑፉ መግለጫ ነው፤ ለፎቶው 1200 በ630 ፒክሰል ይበቃል። ርዕሱን አርመው ቴሌግራም አሮጌውን ማሳየት ከቀጠለ የተበላሸ ነገር የለም፤ ቀድሞ ያየውን ይዞ ነው። ሊንኩን ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ይላኩት፣ እንደገና ሄዶ ያነበዋል።

ሌባና ቅጂ

በቴሌግራም ቻናሎች በነጻ የሚሰራጩ፣ ፈቃዳቸው የተሰበረ ውድ ቴሞች አሉ። አይጫኑ። ብዙዎቹ ውስጥ የተደበቀ በር አለ፤ ብልሃቱም ባለቤቱ እንዳያየው ነው የተሠራው። እርስዎ ገብተው ሲያዩ ሁሉም ሰላም ነው፤ ከጉግል በስልክ የመጣውን እንግዳ ብቻ ወደ ውርርድ ገጽ ይወረውረዋል። ከጠረጠሩ ከአካውንትዎ ወጥተው፣ በሌላ ስልክ፣ ከጉግል ፍለጋ ተነሥተው ይግቡ። ከዚህ ውጭ ማዘመኛ ሲመጣ መጫን፣ «አድሚን» የሚል የተጠቃሚ ስም አለመጠቀም፣ የማይሠሩበትን ፕለጊን ከማጥፋት አልፎ መሰረዝ፣ ለኢሜይልና ለዶሜይን አካውንት የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ይበቃል።

መጠባበቂያ ቅጂ ሁለት ክፍል አለው፦ ፋይሎቹ እና ዳታቤዙ። ጽሑፍዎ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ፎቶዎቹ ፋይሎቹ ጋ። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ፕለጊን ሁለቱንም ወስዶ ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል። ሳምንት ሳምንት ለሚጽፍ ሰው ሳምንታዊ ቅጂ ይበቃዋል። ቅጂውን እዚያው ሆስቲንጉ ላይ ብቻ ማስቀመጥ የመለዋወጫ ቁልፍን በሩ ላይ እንደ መስቀል ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ እንደ ወጣ የዳታቤዙን ፋይል ወደ ኮምፒውተርዎ አውርደው፣ ከታሸገበት ፈትተው፣ በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱት። ከጽሑፎችዎ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል ይፈልጉበት። ቃሉ ከተገኘ ቅጂው ፊደላችንን በደህና ይዟል። በቃሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ጽሑፎቹ ድረ ገጹ ላይ በሕይወት እያሉ፣ ዛሬውኑ፣ የሆስቲንጉን ድጋፍ ሰጪ ጠርተው የዳታቤዙን ኮድ ያስተካክሉ።